«ናልባንዲያን»፦ የአንድ አርመናዊ የቤተሰብ ስም አጻጻፍና አመዘጋገብ በአማርኛ

በታሪክና በሥነ ጥበብ ጽሑፎች ውስጥ የሚያጋጥሙ የውጭ አገር ሰዎችን ስሞች ለተርጓሚዎች እንዲያመች በአማርኛ አጻጻፍ እየዘረዘርን ሳለ፣ «ናልባንዲያን» በሚለው ስም ሥር ሁለት ሰዎችን አስገብተን ነበር። እነሱም ኬቮርክ ናልባንዲያንና ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። ዝርዝሩን መራዊ ላይ ለጥቂት የአማርኛ መምህራን ስናነብላቸው፣ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት መምህር «ወንድማማች ናቸው ማለት ነዋ» አሉ። ወንድማማች አልነበሩም፤ ኬቮርክ የነርሲስ አጎት ናቸው።

መምህሩ ግን አልተሳሳቱም። መራዊ ላይም ሆነ ባሕር ዳር፣ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ አንድ ሰው ስሙን ሲጠየቅ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ቀጥሎም የአያቱን ይናገራል። ሁለተኛው ስም አንድ የሆነላቸው ሁለት ሰዎች ዘመናቸው ከተቀራረበ አማርኛ ተናጋሪው የአንድ አባት ልጆች አድርጎ ቢወስዳቸው በቋንቋው ሥርዓት መሠረት ትክክል ነው። የተሳሳተው የእኛ ዝርዝር ነው፤ የቤተሰብ ስምን በአባት ስም ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ ሳይናገር አልፏልና።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ከማንም አስቀድመን የራሳችንን ሥራ ነው። ነቀፌታው ግን በእኛ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የአርመን የቤተሰብ ስሞች በአማርኛ ሲጻፉ ሦስት ዓይነት ግድፈት ይደርስባቸዋል፤ ጅራታቸው ይቆረጣል፣ ፍቻቸው ያለ ቦታው ይተረጎማል፣ በመዝገብም ያለ ቦታቸው ይገባሉ። ሦስቱንም በአንድ ስም ላይ እንመርምር።

1. ስሙና ፍቹ

«ናልባንዲያን» ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «ናል» ከዐረብኛው «ናዕል» የተገኘ ሲሆን ፍቹ ጫማ፣ በኋላም የፈረስ የብረት ጫማ ነው፤ በዕብራይስጥም «ናዓል» ጫማ ማለት ነው። ሁለተኛው «ባንድ» የፋርስኛ ሲሆን «የሚያስር፣ የሚያያይዝ» የሚል ፍች ይሰጣል። ሁለቱ በፋርስኛ ተጋጥመው «ናልባንድ»፣ በቱርክኛም «ናልባንት» ሆነዋል። ይኸውም የፈረስን ኮቴ አስተካክሎ ብረት የሚመታበት ባለሙያ መጠሪያ ነው። ሦስተኛው ክፍል «-ያን» የአርመንኛ ድኅረ ምዕላድ ነው፤ የማን ወገን፣ የማን ቤት መሆንን ያመለክታል።

እንግዲህ ይህን ስም አርመናዊ የሚያደርገው ጅራቱ ብቻ ነው። የቀረው አካል ከዐረብኛ፣ ከፋርስኛና ከቱርክኛ የተዋሰ ነው። ይህም እንግዳ ነገር አይደለም። አርመኖች በኦቶማን ቱርክና በፋርስ ግዛቶች ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲኖሩ የሙያ መጠሪያዎቻቸውን በገዢው ቋንቋ ይጠሩ ነበር፤ ስሙ ወደ ቤተሰብ ስም ሲለወጥ ግን የራሳቸውን ምዕላድ አከሉበት። ተርዚያን የሚለው ስም በቱርክኛ ልብስ ሰፊ ከሚለው ቃል፣ ቦያጂያን የሚለውም ቀለም ነካሪ ከሚለው ቃል የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከክርስትና ስም የወጡት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የቀረቡ ናቸው፤ ቦጎሲያን ከቦጎስ፣ ማለት ከጳውሎስ፣ ቤድሮሲያን ከቤድሮስ፣ ማለት ከጴጥሮስ፣ ኬቮርክያን ከኬቮርክ፣ ማለት ከጊዮርጊስ የተገኙ ናቸው።

በአማርኛ ጽሑፍ ለአጭርነት ሲባል «ናልባንድ» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ከስሙ ላይ ጌጥ ማንሳት አይደለም። የሚወድቀው ክፍል የስሙ ባለቤት ወገን የሆነው ብቸኛ ክፍል ነው፤ የሚቀረው የባለሙያ መጠሪያ ብቻ ይሆናል።

2. ስሙን የያዙ ሰዎች

ስሙ በብዙ አገር ይገኛል። በሥዕል ድሚትሪ ናልባንዲያን (1906–1993 እ.ኤ.አ.) የሶቪየት ኅብረት መሪዎችን ምስል በመሣል ታውቀዋል። ኤድዋርድ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2018 የአርመንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። የአርጀንቲናው የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ዴቪድ ናልባንዲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዊምብልደን ፍጻሜ ደርሷል። ይህ ሁሉ ስሙ ምን ያህል እንደተበተነ ያሳያል።

ለቋንቋ ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ሚካኤል ናልባንዲያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1829 በዶን ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ኖር ናኺቼቫን ተወልደው በ1866 በግዞት ሞቱ። በዘመናቸው የአርመን ጽሑፍ በሁለት ልሳን መካከል ቆሞ ነበር። አንደኛው ግራባር የሚባለው ጥንታዊ የመጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን ልሳን፣ ሁለተኛው አሽኻርሃባር የሚባለው ሕዝቡ የሚናገረው ልሳን ነበር። ለእኛ የግእዝንና የአማርኛን ጉዳይ የሚያስታውስ ነው። ሚካኤል ናልባንዲያን ሕዝቡ በሚናገረው ልሳን መጻፍን ከደገፉት አንዱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ በሞስኮ ይታተም በነበረው «ህዩሲሳፓይል» (የሰሜን ብርሃን) በተባለው መጽሔትም ከስቴፓኖስ ናዛሪያን ጋር ሠርተዋል። የአርመንያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም መሠረቱ የእሳቸው ግጥም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ኬቮርክ ናልባንዲያንን (1887–1963 እ.ኤ.አ.) እናገኛለን። የተወለዱት ዛሬ ጋዚአንቴፕ በምትባለው የቱርክ ከተማ፣ በአይንታብ ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በዚያ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባ ልጆች በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ፤ የሙዚቃ መምህራቸውና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን መዝሙር ዜማ እ.ኤ.አ. በ1926 የደረሱት እሳቸው ናቸው። ግጥሙ የጎጃሙ ተወላጅ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱ ዘመንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

በዚህም አንድ የቤተሰብ ስም በሁለት አገሮች መዝሙር ታሪክ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ በአርመንያ በግጥሙ፣ በኢትዮጵያ በዜማው። ተርጓሚው «የመዝሙሩ ደራሲ ናልባንዲያን» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመው የትኛው አገር መዝሙር፣ የትኛውስ ናልባንዲያን ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ነርሲስ ናልባንዲያን (1915–1977 እ.ኤ.አ.) የአጎታቸውን ሥራ በሌላ መስክ ቀጠሉት። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሠርተዋል። አገርኛ ዜማዎችን ለትልቅ የሙዚቃ ጓድ በማቀናበርና ዘፋኞችን በማሠልጠን ያበረከቱት አስተዋጽኦ ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከመሠረቶቹ አንዱ ነው። አጎትዬው የሠልፍና የመዝሙር ሙዚቃ መሪ ሲሆኑ፣ የወንድም ልጁ የመድረክ ሙዚቃ አቀናባሪ ናቸው። «ናልባንዲያን» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው የአንዱን ሥራ ለሌላው ቢሰጥ የሚገርም አይሆንም።

3. አማርኛ አርመኖችን እንዴት ሲጠራ ኖረ

የቤተሰብ ስም አማርኛ ውስጥ ቦታ ያጣው በቸልታ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው ከጥንት ጀምሮ ሌላ መንገድ ነበረው። ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኳቸውና እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን የደረሱት መልእክተኛ በታሪካችን የሚታወቁት «ማቴዎስ አርመናዊው» ተብለው ነው። ስማቸውና ወገናቸው ተነግሯል፤ የቤታቸው ስም ግን የለም። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት ንግሥት ጎጃም ውስጥ ትተውት ያለፉት መታሰቢያ ከነስሙ ሲቆም፣ መልእክተኛቸው የሚታወቁት በወገናቸው ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነጋዴው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ሕዝቡም መኪናውን «የሰርኪስ ባቡር» አለው። «የተርዚያን ባቡር» ያለ ሰው አልነበረም። አማርኛ ሰውን የሚይዘው በመጠሪያ ስሙ ስለሆነ፣ ባለቤትነትን የሚያመለክተው «የ» የተጣበቀው በዚያው ስም ላይ ነው። በንግግር ደረጃ ይህን የሚነቅፍ አይኖርም፤ እኛም አንነቅፈውም።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን ቆም ብለን እንድናስብ ያደርገናል። ከኢየሩሳሌም የመጡት የሙዚቃ ልጆች «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ ይህም ስም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ጽሑፎች ሳይቀር በአማርኛው ቃል ሲጠቀስ ይኖራል። ለአማርኛ ክብር ነው። ይሁንና ስሙ ቁጥር ነው። እነዚህ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1915 በተጀመረው የአርመኖች ዕልቂት ዘመን ወላጆቻቸውን ያጡ ናቸው። ቤታቸው፣ መንደራቸው፣ ዘመዳቸው ጠፍቶ ሳለ ከወላጆቻቸው የወረሱት ሰው ሊወስድባቸው ያልቻለ ነገር ቢኖር በ«-ያን» የሚያልቀው የቤት ስማቸው ነው። ያንን ስም ይዞ ያለ ሰው ምናልባት በሌላ አገር የተረፈ ዘመዱን በዚያው ስም ፈልጎ ያገኝ ይሆናል። ጅራቱ የተቆረጠ ወይም በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ስም ግን ለፈላጊም ለተፈላጊም አይጠቅምም።

ስለዚህ በንግግር «የሰርኪስ ባቡር» እና «አርባ ልጆች» እንደ ኖሩ ይኑሩ። በመዝገብ ግን መዝጋቢው ከቁጥሩ በስተጀርባ ያሉትን ስሞች ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት።

4. አጻጻፉ

የአርመንኛ ቋንቋ ምዕራባዊና ምሥራቃዊ የሚባሉ ሁለት የጽሑፍ ዘርፎች አሉት፤ ዋነኛው የድምፅ ልዩነታቸውም በ«ብ» እና «ፕ»፣ በ«ድ» እና «ት»፣ በ«ግ» እና «ክ» መካከል ነው። በምሥራቃዊው «ጌቮርግ» ተብሎ የሚነበበው ስም በምዕራባዊው «ኬቮርክ» ነው፤ «ፖጎስ» የሚለውም «ቦጎስ» ይሆናል። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት አርመኖች ብዙዎቹ ከኦቶማን ግዛት የመጡ ስለሆኑ በአማርኛ የተለመደው ምዕራባዊው ድምፅ ነው። መርሑም ይህ ሊሆን ይገባል፤ ስሙ የሚጻፈው ባለቤቱና ቤተሰቡ እንደሚጠሩት ነው እንጂ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ በሌላ ፊደል እንደ ጻፈው አይደለም። ኬቮርክን «ጌቮርግ» ብሎ ማረም ማረም አይባልም።

የስሙ መጨረሻ «-ዲያን» ወይስ «-ድያን» ሆኖ ይጻፍ የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እኛ «-ዲያን»ን እንመርጣለን። ምክንያቶቻችን ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ «ክርስቲያን» የሚለው ቃል አንባቢውን ከሣልስ ቀጥሎ «ያን» ማንበብ አስለምዶታል። ሁለተኛ፣ ሳድሱ «ድ» አናባቢ ይኑረው አይኑረው በፊደሉ ስለማይታወቅ አንባቢው ያመነታል። ሦስተኛው የማተሚያ ቤት ጉዳይ ነው። አማርኛ በመስመር መጨረሻ ላይ ቃልን ያለ ምልክት ይከፍላል፤ «ናልባንድ» በአንድ መስመር ቀርቶ «ያን» ወደ ቀጣዩ ቢወርድ፣ አንባቢው «ያን ሰው፣ ያን ነገር» እንደሚባለው አመልካች ቃል ያነበዋል። «ናልባንዲ» ግን ቃሉ እንዳላለቀ ራሱ ይናገራል። በዚህ ምክንያት «ቦያጂያን»፣ «ቦጎሲያን» የሚሉትንም በሣልስ ጽፈናል። «ኬቮርክያን» ላይ ግን የመጠሪያ ስሙ «ኬቮርክ» በጆሮ ጎልቶ እንዲታወቅ ሳድሱን ትተናል፤ ይህ የእኛ ምርጫ ስለሆነ የተሻለ ምክንያት ያለው ሊቀይረው ይችላል።

ሰዋስውም የራሱን ወጥመድ ያጠምዳል። የአማርኛ ተሳቢ አመልካች «-ን» ነው። «ነርሲስ ናልባንዲያን አደነቁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ ያደነቁት ነርሲስ ናቸው ወይስ የተደነቁት? አንባቢው «ናልባንዲያ» የሚባል ስም አለ ብሎ የመጨረሻውን «ን» ተሳቢ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተሳቢ ሲሆን «ናልባንዲያንን» ተብሎ ሁለት «ን» ይጻፍ። ድግግሞሹ ለዓይን ከበደ ተብሎ አንዱን መጣል ስሙን መቁረጥ ነው። ሌላው ወጥመድ የግእዝ ብዙ ቍጥር ነው። «ኢትዮጵያውያን»፣ «ክርስቲያን»፣ «ሐዋርያት» እያለ ያደገ አንባቢ «ናልባንዲያን» ሲል የብዙ ሰዎች መጠሪያ፣ የአንድ ማኅበር ስም ሊመስለው ይችላል። የአርመንኛው «-ያን» ግን ነጠላ ሰውን የሚከተል የወገን ምልክት ነው። በትርጕሙ ለእኛ «-ዊ» ይቀርባል፤ በድምፁ ለብዙ ቍጥራችን ይቀርባል፤ ተርጓሚው ድምፁን ትቶ ትርጕሙን ሊያስታውስ ይገባል።

5. የመተርጐም ፈተና

ፍቹን ያወቀ ሰው ስሙን መተርጐም ያምረዋል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የሐሰት ሥርወ ቃል ነው። ኬቮርክ የሙዚቃ ጓድ መሪ ስለነበሩ በስማቸው መካከል የሚሰማው «ባንድ» የሙዚቃ ባንድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ «ባንዳ» የሚለው ቃል የከሐዲ መጠሪያ ሆኖ ስለቀረ፣ ክፉ ጥርጣሬ የሚያድርበት ጆሮም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጡ ቃላት ናቸው፤ የፋርስኛው «ባንድ» ከእነሱ ጋር መምታታት የለበትም። ይህን የምንልበት ስፍራ ራሱ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። ግእዝ የተማረ ሰው «መራዊ» የሚለውን የከተማ ስም ሲያይ ወዲያው «መርዓዊ»፣ ማለት ሙሽራ የሚለው ቃል ይታወሰዋል፤ መጨረሻውም እንደ «-ዊ» ይሰማዋል። ደስ የሚል ቅርበት ነው፤ ነገር ግን የድምፅ ቅርበት ብቻውን ምስክር ሆኖ አይቆጠርም። ለቦታ ስም የጽሑፍና የቃል ማስረጃ እንደምንጠይቅ ሁሉ ለሰውም ስም ልንጠይቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የክብር ጉዳይ ነው። «ናልባንዲያን»ን «የብረት ቀጥቃጭ ልጅ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ፍቹን በግምት አግኝቷል፤ መንፈሱን ግን አጥፍቷል። በእኛ አገር «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» የሚሉት ቃላት ለረጅም ዘመን የንቀትና የፍርሃት ቃላት ነበሩ፤ ባለሙያው «ቡዳ» እየተባለ ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። በአርመንኛው ስም ውስጥ ግን ይህ ንቀት የለም፤ የሙያው ስም ልጅ ከአባቱ ተቀብሎ በኩራት የሚሸከመው ስም ነው። ትርጕሙ የሚጨምረው ስድብ የእኛ ነው እንጂ የስሙ አይደለም።

ፈረሱም ቢሆን በሁለቱ ባህሎች ስም የሚሰጠው በተለያየ መንገድ ነው። በእኛ ዘንድ ፈረስ ስም የሚሰጠው ለጋላቢው ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» ይባሉ ነበር። ይህ ስም የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጅ አይወርሰውም። በእነሱ ዘንድ ፈረስ ስም የሰጠው ኮቴውን ለሚያበጀው ሰው ነው፤ ስሙም ከልጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። በአገራችን ገጠር ፈረስ በአብዛኛው ያለ ብረት ጫማ ስለሚሄድ ለሙያው የተለመደ አንድ ቃል መፈለግ ድካም ነው። ፍቹን መናገር ካስፈለገ «የፈረስ ብረት ጫማ የሚመታ ባለሙያ» ብሎ በማብራሪያ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በስሙ ቦታ ግን ማብራሪያ አይገባም።

6. አመዘጋገቡ

ወደ ተነሣንበት ስሕተት እንመለስ። የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያንን ስም ሲመዘግቡ ብዙ ጊዜ የአባትን ስም ፊት ያመጣሉ። ዮፍታሔ ንጉሤ «ንጉሤ» በሚለው ሥር ይገባሉ፤ አባታቸው ግጥም የጻፉ ይመስል። ይህን እኛ በትክክል እንቃወማለን። ነገር ግን እኛ ራሳችን የውጭውን ስም በአገራችን ሥርዓት ብቻ ስናነብ ያንኑ ስሕተት ገልብጠን እንሠራለን። እነሱ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አደረጉት፤ እኛ የቤተሰብን ስም የአባት ስም አደረግነው። የአንድ መዝሙር ግጥም ደራሲና ዜማ ደራሲ በሁለት መዝገብ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ተበደሉ።

«ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ወይም የኖረ አርመን እንደ ኢትዮጵያዊ ይመዝገብ፤ የተለየ ደንብ ለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) የተወለዱት አዲስ አበባ ነው፤ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ አባታቸው ኮሎኔል ኮስሮፍ ጎርጎርዮስ ቦጎሲያን በክብር ዘበኛ ያገለገሉ መኰንን ነበሩ። የአባትዬው ስም ራሱ መልሱን ይሰጠናል። «ኮስሮፍ» መጠሪያቸው፣ «ጎርጎርዮስ» እንደ አገራችን ሥርዓት ሁለተኛ ስማቸው፣ «ቦጎሲያን» የቤት ስማቸው ነው። አንድ ሰው በሁለት ሥርዓት መካከል ሲኖር ስሙ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። እስክንድር ግን የሚጠሩት «እስክንድር ቦጎሲያን» ተብለው ስለሆነ «ቦጎሲያን» የአባታቸው መጠሪያ መስሎ እንዳይነበብ መዝጋቢው ማስታወሻ ሊያክል ይገባል። ይህ ኢትዮጵያዊነትን መንፈግ አይደለም፤ ስሙ የሚናገረውን መናገር ነው።

7. የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ተነሥተን ለመዝጋቢዎችና ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) የአርመን የቤተሰብ ስም በሙሉ ይጻፍ፤ «-ያን» አይቆረጥ፤ ስሙም አይተርጐም። ፍቹ የሚያስፈልግ ከሆነ በማብራሪያ ይሰጥ።

ለ) ድምፁ ባለቤቱና ቤተሰቡ እንደሚጠሩት ይሁን። በኢትዮጵያ ለኖሩት በአብዛኛው ምዕራባዊው አርመንኛ ይሆናል።

ሐ) ስሙ ተሳቢ ሲሆን የአማርኛው «-ን» ተጨምሮ ይጻፍ፤ «ናልባንዲያንን»።

መ) ዋናው መግቢያ በመጠሪያ ስም ይሁን፤ አማርኛ ሰውን የሚፈልገው በዚያ ነውና። ሆኖም የቤተሰብ ስሙ መሆኑ በቅንፍ ይነገር፣ በቤተሰብ ስሙም ሥር «ተመልከት» የሚል መምሪያ ይግባ። ዝምድና በታወቀ ጊዜ ይጠቀስ።

በዚህ መሠረት የቀድሞው መግቢያችን ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል፦

ናልባንዲያን፤ የአርመን የቤተሰብ ስም። በፋርስኛና በቱርክኛ የፈረስ ብረት ጫማ የሚመታ ባለሙያ ከሚለው ቃል በአርመንኛ «-ያን» የተሠራ። ኬቮርክ፣ ነርሲስ፣ ሚካኤል የሚሉትን ተመልከት።

ኬቮርክ ናልባንዲያን (የቤተሰብ ስም፦ ናልባንዲያን)፤ 1887–1963 እ.ኤ.አ.። የሙዚቃ መምህርና ደራሲ። የአርባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ መሪ። የነርሲስ አጎት።

ነርሲስ ናልባንዲያን (የቤተሰብ ስም፦ ናልባንዲያን)፤ 1915–1977 እ.ኤ.አ.። የሙዚቃ አቀናባሪና መምህር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ።

ሚካኤል ናልባንዲያን (የቤተሰብ ስም፦ ናልባንዲያን)፤ 1829–1866 እ.ኤ.አ.። የአርመን ደራሲ። ከኬቮርክና ከነርሲስ ጋር በስም እንጂ በመዝገባችን በተመለከተ ዝምድና አይገናኙም።

ይህን አዲስ መግቢያ መራዊ ላይ ለእነዚያው መምህራን በድጋሚ አነበብን። አረጋዊው መምህር አዳምጠው ሲያበቁ «እንዲህ ከሆነ የቤታቸው ስም ነው፤ አባታቸውስ ማን ይባላሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ከመጀመሪያው ዝርዝራችን ሊነሣ የማይችል ጥያቄም ነው። በሚቀጥለው እርማት የአባት ስም ማስረጃ ለተገኘለት ሰው ሁሉ ከቤተሰብ ስሙ ተለይቶ የሚገባበትን ስፍራ በመዝገቡ እናዘጋጃለን። በ«-ያን» የሚያልቁ ሌሎች ስሞችን በአማርኛ ጽሑፍ ያገኙ አንባብያን አጻጻፋቸውን ከነዘመናቸው ቢጠቁሙን ሥራው ይቃናል።